ድምፅህም መብረቁም የመጡበት ገመድ

ውዴ ተስፋሁን፣

በግንቦት፣ ገና ዝናቡ ሳይጥል ነበር የተለየኸኝ። እነሆ ሁለት ክረምት ያላንተ አልፎ ጥቅምት ገባ፤ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነህ። ይህን የምጽፍልህ ከሁለቱ ስፒከሮች ፊት ለፊት ባለችው ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ነው። ሌላ ሰው እንዲቀመጥባት አትወድም ነበር። የሁለቱ ድምፅ እኩል የሚገናኘው እዚህች ቦታ ላይ ብቻ ነው እያልህ እንግዳ እንኳ ሲመጣ ታስነሣ ነበር። ይቅር በለኝ፣ አሁን እኔ ወርሻታለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን መቅደስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ የፊታችን ሐሙስ ትሄዳለች። እኔ እዚያው ጤና ጣቢያ ነኝ፣ እንደ ድሮው አዋልዳለሁ። የሳሎኑ ግድግዳ ፈራርሶ ስለነበር እንደገና አስመረግሁት። ጓሮ ያለችውን የሥራ ክፍልህን ግን አልነካሁም። መበየጃህ፣ መነጽርህ፣ ሰው ወደ ኮምፒውተር ገልብጥልን ብሎ ያመጣልህ ካሴት ሁሉ እንዳለ ነው። ለካሴቶቹ አንዳንዴ ባለቤቶቻቸው ይመጣሉ። በር ላይ ቆመው «እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል፤ የራሳቸውን ፈልገው ይወስዳሉ፤ ከወሰዱም በኋላ ቶሎ አይሄዱም።

ግን ብዕር ያነሣሁት ለዚህ አይደለም። በነሐሴ የደረሰብንን ልነግርህ ነው። ከጎረቤታችን ከጋሼ ይማምና ከመቅደስ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከእነሱም ቢሆን ጥፋቱ የኔ መሆኑን አፍ አውጥቶ የተናገረኝ የለም። አንተ ግን ማወቅ አለብህ።

ያንን የኮምፒውተር ሣጥን የገዛህበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? ዕድሜህን ሙሉ የሰበሰብኸውን ዘፈንና ዜማ ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ የሚይዘውን። ማራገቢያው ስለሚጮኽ ሳሎን አይገባም ብለህ ጓሮ አስቀመጥኸው። ከዚያ እስከ ሳሎኑ ማጫወቻ ድረስ ደግሞ ጥቁር ገመድ በግቢው ላይ፣ ከአንዱ ቆርቆሮ ጠርዝ ወደ ሌላው ዘረጋህ። መቅደስ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ዋይፋይ እያለ ገመድ ምን ያደርጋል ብላ ሳቀችብህ። የፊዚክስ መምህር አይደለህ፣ ወዲያው አስቀምጠህ አስተማርሃት። በገመድ የሚመጣ ሙዚቃ ሳይቆራረጥ ይደርሳል፣ በአየር የሚመጣው ግን ከታች ጋይንት ቀበሌዎች አርብ ገበያ እንደሚወርድ ሰው ነው፤ አንዱ ማልዶ ይደርሳል፣ አንዱ ወንዝ ሞልቶበት ይቀራል አልሃት። ማጫወቻው ትንሽ ትንሽ አስቀድሞ ያጠራቅማል፤ የሚመጣው ዘግይቶ ያጠራቀመው ያለቀበት ጊዜ ዝም ይላል። ግድግዳችን ወፍራም ጭቃ፣ ጣሪያችን ቆርቆሮ ስለሆነ ደግሞ ዋይፋዩ እየደከመ ነው የሚገባው አልህ። ኢንተርኔቱ በጠፋ ጊዜ እንኳ የቤታችን ገመድ ማንንም ሳይጠብቅ ይሠራ ነበር። ከተማው ሁሉ ስልኩን እያየ ሲተክዝ እኛ ዘፈን እንሰማ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ዐይኔን በነጠላዬ አስረህ የፈተንኸኝን አልረሳሁም። አንዱን ዘፈን አንዴ በገመድ፣ አንዴ በዋይፋይ እያጫወትህ የትኛው ይበልጣል አልኸኝ። እኔ አንተን ደስ ለማሰኘት ብዬ የመጀመሪያው ይበልጣል አልሁ። የመጀመሪያው ዋይፋይ ነበር። ሆድህን ይዘህ ሳቅህ። ከዚያ በተራዬ ዐይንህን አስሬ ስፈትንህ አንተም ተሳሳትህ። የመሪጌታ ልጅ፣ በቤተ ልሔም ድጓ ቤት ዜማ ሲሰማ ያደገ ጆሮ፣ ተሳሳተ። ያኔ ያልኸኝን ይኸው እስከ ዛሬ እደግመዋለሁ፤ «ልዩነቱ ድምፁ ላይ አይደለም ዓለም፣ መድረሱ ላይ ነው።»

ገመዱ አንድ ጠላት ነበረው። ጉና ተራራ ራስ ላይ ደመናው መጥቆር ሲጀምር፣ የያዝኸውን ጥለህ ትወጣና ከሁለቱም ጫፍ ትነቅለው ነበር። ሜዳ ላይ የተዘረጋ ገመድ መብረቅ ይጠራል፤ ባይመታው እንኳ በአጠገቡ ሲወርድ ወደ ቤት ያስገባል ትለን ነበር። እኛን አታስነካንም። ምሳ እየበላን ትነሣለህ፣ ሰው እያናገርህ ትነሣለህ። እኔ ለዕቃዎችህ የምትሳሳ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ ጉሮሮህ ታመመ። ድምፅህ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ተቆራረጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ዘግተህ ከማይክራፎኑ ጋር ስትቀመጥ ምን እንደምትሠራ ጠይቄህ ነበር፤ ለኋላ ነው አልኸኝ፤ ደግሜ አልጠየቅሁም። ኋላ የሚባለውን ነገር ስለፈራሁት ነው።

የመጨረሻዎቹን ቀናት አንተ አታውቃቸውም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ሥራዬ ነውና ሳላስበው ትንፋሽህን እቆጥር ነበር። ይመጣል፣ ይቆማል፣ እጠብቃለሁ፣ እንደገና ይመጣል። የመጨረሻውን ጊዜ ቆሞ ስጠብቅ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ መሀል ላይ ሲቆም ያስፈራኛል። ውሃ በቧንቧ እየወረደ ድንገት ሲቆም፣ የምታምጥ ሴት ጩኸቷን ስታቋርጥ፣ መቅደስ ስልክ ላይ ዝም ስትል። ለሰው የማይነገር ፍርሃት ነው።

የመጀመሪያውን ክረምት ሣጥኑን የከፈተው የለም። ግድግዳው ሲመረግ ሠራተኞቹ ገመዱን አወረዱት፤ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁት። ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ፣ በሐምሌ፣ መቅደስ ፈተናዋን ጨርሳ መጣችና ሣጥኑን ልክፈተው አለች። ገመዱን አልፈለገችውም። ማጫወቻውን በዋይፋይ አገናኘችው። ሣጥኑ ውስጥ ስትፈልግ የኔና የእሷ ስም የተጻፈበት ክፍል አገኘች። ሰባት ቅጂ ነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ነበር። እዚህች ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና የመጀመሪያውን ከፈተችው። «ዓለም፣ እንደምን ዋልሽ» አልህ። ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ እዚያ ግድግዳው ጋ ቆመህ የምትናገር ነበር የሚመስለው። እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ፤ አንተም «ይህን የምነግራችሁ» ብለህ ቆምህ። ዝም አልህ። እኔ መቁጠር ጀመርሁ። «ስለ» አልህና ደግሞ ቆምህ። ልክ እንደዚያ ቀን ነበር። ሳላውቀው ዝናብ ላይ ወጥቼ ቆሜያለሁ።

መቅደስ ተከትላኝ ወጥታ የቆመው አንተ ሳትሆን ዋይፋዩ መሆኑን አስረዳችኝ፤ ግድግዳው ነው እማዬ፣ ቅጂው ደኅና ነው አለችኝ። ገብቶኛል፣ ግን አልቻልሁም። ገመዱን ከአልጋ ሥር አወጣሁና መልሰሽ ዘርጊው አልኋት።

«እማዬ፣ ክረምት እኮ ነው» አለችኝ። «አባዬ ራሱ በክረምት አያምነውም ነበር።»

ሲጠቁር እንነቅለዋለን አልሁ። እሷም ልትከራከረኝ አልደፈረችም። እሷ ደመናውን ፈርታ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝምታውን። እናት ነኝና የኔ ፍርሃት የእሷን ረታ።

ገመዱ ከተዘረጋ በኋላ በየቀኑ አንድ አንድ ሰማን። አንድም ጊዜ ሳትቆራረጥ መጣህ። የቤቱ ካርታ የት እንዳለ ነገርኸን። ለመቅደስ ስለ ተወለደችበት ቀን አወራሃት፤ አዋላጇ እናቷ ራሷ ምጥ ላይ ሆና ነርሷን ስታዝዝ እንደነበር ስትሰማ ልጅህ እስኪያነባት ሳቀች። በአራተኛው ላይ ስትስል ቆየህ፤ ሳሉን ከቅጂው አልቆረጥኸውም፤ እኔም ያንን ሳል ሁለት ጊዜ ሰማሁት። አምስቱን እንዲህ ጨረስን። ፍርሃቴ የለቀቀኝ መሰለኝ።

ስድስተኛውን በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት ከፈትነው። የአባትህን ዜማ ነበር የምታዜመው። ያ በሽታ የበላው ጉሮሮ እንዴት እንደታዘዘልህ እንጃ፣ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣ ነበር። መቅደስ በመስኮቱ አየችና «እማዬ፣ ጉና ጠቆረ» አለችኝ።

ሰምቻታለሁ ተስፋሁን። እያየሁትም ነበር። «ይህን ይጨርስ» አልሁ።

ነጎድጓዱ ገና ሩቅ ነበር። መቅደስ ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ተነሥታ በጓሮ በኩል ወደ ሥራ ክፍልህ ሮጠች። እኔ አልተነሣሁም። ዜማው ሊያልቅ ነው እያልሁ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ገመድ ልትነቅል ስትሮጥ እኔ ተቀምጬ ነበር።

መብረቁ የወረደው በጎረቤታችን በጋሼ ይማም ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ብርሃኑና ጩኸቱ አንድ ላይ መጡ። ማጫወቻው ሰማያዊ ብልጭታ ተፋ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ አንተም ከመሀል ቆምህ። መጀመሪያ ያሰብሁት ምን እንደሆነ ልንገርህ? ድምፁ ጠፋ ብዬ ነው ያሰብሁት። ልጄ ትዝ ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ምን ያህል ጊዜ በመካከሉ እንዳለፈ አላውቅም፤ አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ይሆናል። ግን እኔ በዚያች አንድ ትንፋሽ ውስጥ ማን እንደነበርሁ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያችን ሴት እፈራታለሁ።

እየጮኽሁ ወደ ሥራ ክፍልህ ገባሁ። ክፍሉ በጭስ ተሞልቷል። መቅደስ መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጆሮዎቿን በእጆቿ ይዛለች። ዐይኗ ተገልጧል፣ አያየኝም። ስሟን ጠራሁት፤ አትሰማም። በሰው ልጅ እጅ ላይ ሺህ ጊዜ የፈለግሁት የደም ምት በእሷ እጅ ላይ ጠፋኝ። ኋላ አንገቷ ላይ አገኘሁት። ይመታል፣ በጣም ይሮጣል። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰችና፣ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ጮክ ብላ፣ «አልነካሁትም እማዬ፣ ልነካው ስል ነው» አለችኝ።

ልነካው ስል። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው አንተ ብቻ ብታውቅልኝ።

ጋሼ ይማም ዝናቡን ሳይፈሩ አጥር ተሻግረው መጡ። ቆጣሪውን አጠፉ፤ የሚጨሰውን በአሸዋ አፈኑ፤ መቅደስን በካፖርታቸው ሸፍነው ይዘናት ጤና ጣቢያ ሄድን። ምንም ቃጠሎ የለባትም። ጆሮዋ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ይጮኽባት ነበር፣ እኔን የምትሰማኝ ከንፈሬን እያየች ነበር። ሁለቱን ቀን ከአጠገቧ አልተነሣሁም። የድምፅ ሰው ልጅ ደንቆሮ ሆና ብትቀር ለአንተ ምን እላለሁ እያልሁ እጨነቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የጋሼ ይማም ቤት በር ሲጢጥ ሲል «ይሄን በር ዘይት የሚቀባው የለም?» አለች። አቅፌያት አለቀስሁ፤ ለምን እንደማለቅስ አልገባትም።

ሣጥኑ ሞቶ ነበር። መብራት አይበራበት፣ ማራገቢያ አይዞርበት። እኔ ይቅር፣ ልጄ ተርፋለች ብዬ ልተወው ነበር፤ እንቢ ያለችው መቅደስ ናት። ሁላችንም ከሞት ተርፈን አባዬን ብቻ እዚያ አንተወውም አለችኝ። በጋቢህ ጠቅልዬ ታቅፌው ከከተማችን ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ ሄድን። መኪናው በጎረበጠ ቁጥር ሁለት እጄን እጭንበት ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጡ እናት የታመመ ሕፃን መስሏቸው ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁኝ። መብረቅ መቶት ነው አልኋቸው፤ አማተቡ።

የኮምፒውተር ጠጋኙ ከፍቶ አየው። ኔትወርኩ የሚገባበት ክፍል ከሰል ሆኗል፤ ዲስኩ ግን መትረፉን አለመትረፉን አሁን አላውቅም፣ በሳምንቱ ተመለሱ አለን። ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍሁት አትጠይቀኝ። አንዴ ቀብሬሃለሁ፤ ሁለተኛ ልቀብርህ ይሆን እያልሁ ነው የሰነበትሁት። ከዚያም የከፋ ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር፤ ቢጠፋ ይገባኛል፣ በልጄ ፈንታ ተወስዶብኛል እል ነበር።

በሳምንቱ ስንሄድ ዲስኩን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ ጠበቀን። የፋይሎቹ ስም እየተደረደረ ሲወጣ እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር። መቅደስ ጮክ ብላ ቆጠረች። ሰባት።

አሁን በግቢው ላይ ገመድ የለም። ዲስኩ የገባበት አዲሱ ሣጥን እዚህ ሳሎን፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ከማጫወቻው ጋር የሚያገናኘው ክንድ የማይሞላ ገመድ ነው፣ ከቤት አይወጣም። ዘፈን መምረጥ ስትፈልግ መቅደስ በስልኳ በዋይፋይ ታዝዘዋለች፤ ትእዛዙ ቢዘገይ የሚጎዳ ነገር የለም፣ ዘፈኑ ግን በገመዱ ይመጣል። ማራገቢያው ትንሽ ይሰማል፤ አንተ ብትኖር ያበሽቅህ ነበር። ቅጂዎችህን መቅደስ በሦስት ቦታ ገልብጣቸዋለች፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ጋሼ ይማም ሱቅ፣ አንዱ ከእሷ ጋር ይሄዳል።

ሰባተኛውን ለመስማት ድፍረት ያገኘሁት ከመስቀል በኋላ ነው። መቅደስ ብቻዬን እንድሰማው ትታኝ ወጣች። ድምፅህ ቀጭን ሆኗል፤ ግን አይቆምም። እንዲህ አልህ፤

«ዓለም፣ ሃያ ዓመት አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። መብረቅ እፈራለሁ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ተማሪዎች አንዱን ዐይኔ እያየ ከአጠገቤ ወስዶታል። ገመዱን ልነቅል በወጣሁ ቁጥር ያ ልጅ ፊቴ ይመጣ ነበር። ግን እኔ ካልወጣሁ ከእናንተ አንዳችሁ ትወጣላችሁ። አሁን ደግሞ መሞትን እፈራለሁ። አይዞሽ ስልሽ የማልፈራ እንዳይመስልሽ።»

ከዚያ ማይክራፎኑን ስታስቀምጠው ይሰማል፤ ያልቃል።

 በቀብርህ ቀን ሰው ሁሉ «ደፋር ነበር፣ በሽታውን ሳይፈራ ተጋፈጠ» ሲል እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ተቀብዬ ነበር። በእኔ ፍርሃትና በአንተ ፍርሃት መካከል ያለው ልዩነት የገባኝ ያን ዕለት ነው። አንተ ፈርተህ ወጣህ፤ እኔ ፈርቼ ተቀመጥሁ፣ ልጃችንን ላክሁ። ይህን ለመቅደስ ነገርኋት። አላክሽኝም፣ ራሴ ነኝ የሄድሁት አለችኝ። እንዲያ ብላ ልታሳርፈኝ ነው።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡስ ተራ እሸኛታለሁ። መንገዱን እፈራለሁ፤ የማታውቀውን ከተማ እፈራለሁ፤ ስልኳ የሚጠፋበትን ሰዓት ከአሁኑ እፈራዋለሁ። ግን አትሂጂ አልላትም። ሻንጣዋን ተሸክሜ ከፊት ከፊቷ እሄዳለሁ።

አልረሳህም የሚለውን ሰው ሁሉ ለሙቱ ይለዋል፣ እኔም እልሃለሁ። ነገር ግን ሰው በቀብርህ እንዳሳመረህ አድርጌ አላስታውስህም። የልጅ ልጆች አይቼ፣ አያታችን ምን ዓይነት ሰው ነበር ብለው የጠየቁኝ ዕለት፣ ፈሪ ነበር እላቸዋለሁ፤ እየፈራ ይወጣ ነበር።

ዓለምነሽህ